የቢቸናና የሞጣ ጸጥታ ዘበኛ ስሙ የት ተጻፈ?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በግንደ ወይንና በሞጣ በኩል አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የጮቄን ተራራ በግራ፣ የዓባይን ሸለቆ በቀኝ ትቶ የሚሄድ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው የአገሩን ነጭ ጤፍ ያያል፤ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምን፣ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ካለም መርጡለ ማርያምን ይሳለማል። ከሞጣ ወዲያ ወደ ዓባይ ቢወርድ ደግሞ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ የቀረውን የጥንት የድንጋይ ድልድይ ያገኛል። አገሩ የብዙ ነገር ማስታወሻ አለው።

የሰውንም ስም ቢሆን ይህ አገር አይጥልም። የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም የማያውቅ የቢቸና ልጅ የለም፤ በአዲስ አበባ ጎዳና፣ በባሕር ዳርም የአውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰይሟል። የአርበኛው ብቻ አይደለም፤ በየቆላው የሸፈተው ሰው እንኳ የማን ልጅ እንደ ነበረ፣ ምን ዓይነት ጠመንጃ ይዞ እንደ ነበረ፣ በየትኛው ዋሻ እንዳደረ በፉከራና በቀረርቶ ሲነገር ይኖራል። ነገር ግን ያንን ሽፍታ ይዘህ አምጣ ተብሎ ታዝዞ ወጥቶ ከገደሉ አፋፍ ላይ የወደቀው ሰው ማን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሚገኘው መልስ «አንድ ፖሊስ» የሚል ነው። እናቱ «አንድ ፖሊስ» ብላ ስም ያወጣችለት ልጅ ግን የለም።

በዚህ ጽሑፍ ለማስታወስ የተፈለገው ይኸው ሰው ነው። አስቀድሞ ወታደር ወይም አርበኛ ነበረ፤ በኋላ ፖሊስ ሆነ፤ በመጨረሻም በሥራው ላይ እንዳለ ተገደለ። በቢቸናና በሞጣ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ፖሊስነት ወደዚህ አገር እንዴት እንደ መጣ በአጭሩ እንመልከት። በዳግማዊ ምኒልክ ከተማ የአራዳ ዘበኛ የሚባል ነበር፤ ገጠሩ ግን ጸጥታውን የሚጠብቀው በባላባቱ፣ በጭቃ ሹሙና በአገሬው ሽማግሌ ነበር። ሥርዓት ያለው የፖሊስ ሠራዊት በሕግ የቆመው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ በየአውራጃው ከተማ ጣቢያ አግኝቶ የተቀመጠው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው ከወዴት ይገኝ ነበር ቢሉ፣ በአምስቱ ዓመት የጦርነት ዘመን በዱር በገደሉ ከኖረው ሕዝብ መካከል ነው። ከአርበኞቹ አንዳንዱ በብሔራዊ ጦር፣ አንዳንዱ በነጭ ለባሽነት፣ አንዳንዱም በፖሊስ ገባ። ጠመንጃ መያዝ ያውቃል፤ ረኃብና ብርድ ችሏል፤ የአገሩን መግቢያና መውጫ ያውቃል። ከዚህ የበለጠ ትምህርት በዚያን ጊዜ ከማን ይጠበቅ ነበር?

የከተማ ተማሪ ፖሊስ ሲባል የሚታየው በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና የሚያሳልፈው ሰው ነው። የሞጣው ፖሊስ ሥራ ሌላ ነበረ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ ይሄዳል። የግብር ገንዘብ ሲጓዝ ያጅባል። በገበያ ቀን ሰክሮ የሚተኩሰውን ያስጥላል። ነፍሰ ገዳይ ሲሸሽ ቆላ ወርዶ ይፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ደም አይረሳም። ፖሊሱ የመንግሥትን ትእዛዝ ለመፈጸም ሲል ሽፍታ ቢገድል፣ የሟቹ ዘመዶች ደሙን ከመንግሥት ሳይሆን ከፖሊሱ ይቈጥሩታል። ዩኒፎርሙን አውልቆ ወደ እርሻው በተመለሰም ጊዜ ዕዳው ይከተለዋል። እንግዲህ ይህ ሰው በወር ደመወዝ የገባበት ሥራ የዕድሜ ልክ ባለደም ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነበረ ማለት ነው።

ከወታደርነት ወደ ፖሊስነት፣ ከፖሊስነትም ወደ ወታደርነት መተላለፍ በትልልቆቹም ዘንድ የታየ ነው። ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን ሊይዝ ሲቃረብ፣ በዚያን ጊዜ ባላምባራስ የነበሩት አበበ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ከተማዪቱን ለቀው ሲወጡ፣ ዝርፊያና እሳት በተነሣባት ከተማ ጸጥታ ለማስከበር የቀሩት እኒህ የፖሊስ አለቃ ናቸው። ከተማዪቱ ስትያዝም እጃቸውን አልሰጡም፤ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥተው አምስቱን ዓመት ሙሉ ተዋጉ። እርሳቸው ከሚዋጉበት የሸዋ ቆላ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ማዶ ያለው የእነ በላይ ዘለቀ አገር ቢቸና ነው።

ከነጻነት በኋላ ራስ አበበ የጦር ሚኒስትር፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው የመንግሥት ግልበጣ ጊዜ ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተይዘው ነበርና፣ በዚያው አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል በጥይት ተገደሉ። ይህ ቤት ዛሬ በስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ነው፤ በደጁ በየቀኑ የሚያልፉት ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በዚያው ሰሞን በሌላው ወገን ተሰልፈው ከሞቱት መካከል የፖሊስ ሠራዊት ኮሚሽነር የነበሩት ብርጋዲየር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ይገኛሉ። የቀድሞው የፖሊስ አዛዥ በግልበጣ አድራጊዎቹ እጅ፣ የጊዜው የፖሊስ አዛዥ ደግሞ ከግልበጣ አድራጊዎቹ ጋር ሆነው በአንድ ሳምንት ውስጥ አለፉ። አንዱ ትክክል ነው፣ ሌላው ስሕተተኛ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላቆመም። ሆኖም ሁለቱም በስማቸው የሚጠሩ፣ ታሪካቸው የሚጻፍ ሰዎች ናቸው። የቢቸናው ፖሊስ ከዚህ ዕድል አልደረሰም። ትክክል ነበረ ወይስ ስሕተት ብሎ የተከራከረለትም የለም።

ወደ ቢቸና እንመለስና የደጃዝማች በላይን ታሪክ በሌላ ፊት እንመልከተው። አባታቸው ባሻ ዘለቀ ላቀው ሊይዟቸው ከተላኩ ሰዎች ጋር ተዋግተው የሞቱ ናቸው። ልጁም ያደጉት ያንን ደም እያሰቡ ነው። ጣልያን ሲመጣ አርበኛ ሆነው የጎጃምን ምሥራቅ አስጠበቁ፤ ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብለው ቢቸናን ገዙ። ከዚያም ከመንግሥት ጋር ተጣልተው በሶማ አምባ ላይ ሸፈቱ፤ ተከበቡ፤ እጃቸውን ሰጡ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሶማ ዙሪያ ከወዲያና ከወዲህ ሲተኳኰሱ የነበሩት ሰዎች ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠላት የሚወጉ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱን ባንዲራ ይዞ ወደ አምባው የወጣው ሰው ስለ ደጃዝማች በላይ ያለው አስተያየት ምን ነበረ? ያከብራቸው ነበረን? ሲታዘዝ እጁ ተንቀጥቅጦ ነበረን? ይህን የሚነግረን አዝማሪ አልተገኘም።

የጉዳዩ ሥር የሚገኘው ግን በ1960 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዓመት ረዘም አድርገን እንናገር።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚነቀፍ አይመስልም። የቀድሞውን አሥራት አስቀርቶ፣ ሰው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ መጠን ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት እንዲከፍል የሚል ነበረ። አዲስ አበባ ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ላዘጋጁት ሰዎች ይህ ፍትሕ ነው። የጎጃም ገበሬ የሰማው ግን ሌላ ነው።

ጎጃም የርስት አገር ነው። ገበሬው መሬቱን የያዘው ከአያት ከቅድመ አያቱ ቈጥሮ ነው፤ ማንም ሊለካበት፣ ማንም ሊሸጥበት አይፈቅድም። በደቡብ አገር ቀላድ ተጥሎ መሬት ሲለካ ባላገሩ እንዴት ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ ሰምቷል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የግብር ሕግ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እያለ ሲከፍል ጎጃም እምቢ ብሎ፣ በኋላም እንደ ጥንቱ ልማድ እንዲገብር ተትቶለት ነበር። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ አዲስ የግብር ስም ሲሰማ፣ ግብሩ የገቢ እንጂ የመሬት አይደለም ቢሉት አላመነም። «ገቢህን ልገምት» ብሎ ወደ ማሳው የገባ ሰው ነገ ቀላዱን ይዞ አይመለስም ያለው ማን ነው?

ከዚህም ጋር የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ራሱ ብዙ ቅሬታ ያጠራቀመ ነበረ። በጊዜው ጎጃምን የሚገዙት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ነበሩ። በዘመናቸው በመሣሪያ ማስመዝገብና በልዩ ልዩ መዋጮ ምክንያት ሕዝቡ ተማርሮ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አዲሱ ግብር በዚህ ሁሉ ላይ ተጨምሮ መጣ። ባላገሩ በየዛፉ ጥላ ሥር ተሰበሰበ፤ ተማማለ፤ አቤቱታውን የሚያሰሙ ሰዎች መርጦ እስከ አዲስ አበባ ላከ። አጥጋቢ መልስ ሲያጣ ወደ ጠመንጃው ዞረ። ዓመፁ ከበረታባቸው አውራጃዎች ዋነኞቹ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ናቸው።

ገማቾቹ ወደ ገጠር ሲወጡ ብቻቸውን አልወጡም፤ ፖሊስ አጀባቸው። አዋጁን ያረቀቀው ሰው አዲስ አበባ ነው። ፈራሚውም እዚያው ነው። ጠቅላይ ገዥው ደብረ ማርቆስ ናቸው። የአውራጃው ጸሐፊ በቢሮው ውስጥ መዝገቡን ይዞ ተቀምጧል። ከገበሬው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው፣ «መንግሥት» የሚባለውን ነገር በሥጋ ለብሶ በሙጋና በሱሃ ሸለቆ የታየው፣ የወር ደመወዙን እየቈጠረ የሚኖረው ፖሊስ ነው። ገበሬው በአዲስ አበባው ሹም ላይ ሊተኩስ አይችልም፤ ከፊቱ በቆመው ላይ ግን ይችላል፤ ተኰሰም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። በፖሊሱና በነጭ ለባሹ እጅ የሞተ ገበሬ አለ፤ በገበሬው እጅ የሞተ ፖሊስ አለ። ነገሩ በአውራጃ ፖሊስ የሚመለስ አለመሆኑ ሲታወቅ የጦር ሠራዊት ተላከ፤ በክረምቱም የጦር አውሮፕላን በመንደር ላይ ቦምብ ጣለ። በአምስቱ ዓመት ዘመን የጣልያንን አውሮፕላን ያየ ሽማግሌ በእርጅናው የገዛ አገሩን አውሮፕላን በራሱ ጣራ ላይ አየ። ይህን ለፖሊሱ ማስታወሻ በምንጽፍበት ጊዜ መሸፈን አይገባም፤ የገበሬውን ሞት ዘሎ የፖሊሱን ብቻ የሚያነሣ ማስታወሻ በዚያ አገር የሚያዳምጠው ሰው አያገኝም።

በክረምቱ ማብቂያ ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ። የሚመረምሩ ሰዎች ተላኩ። ግብሩ በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ፤ በተከተለው ዓመትም የብዙ ዘመን ውዝፍ ግብር ለጎጃም ተማረ። በአጭሩ መንግሥት የጠየቀውን ነገር ተወው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሊተዉት ለቻሉት ነገር የሞተው ፖሊስ ለምን ሞተ?

ይህ ጥያቄ አሳፋሪ ስለ ሆነ ይመስለኛል ሳይጠየቅ የቀረው። መንግሥት ፖሊሱን አላከበረውም፤ ቢያከብረው የሞተበትን ምክንያት መናገር ሊኖርበት ነው። ባላገሩም አላለቀሰለትም፤ የመጣበት በግብር ገማች ኋላ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ሥርዓት ደግሞ የፊውዳል መንግሥት መሣሪያ ከማለት በቀር ሌላ ስም አልነበረውም። ታሪክ ጸሐፊዎቹም ቢሆኑ ዓይናቸው በገበሬው ላይ ነው፤ ለምሳሌ ያህል ገብሩ ታረቀ ስለ ባሌ፣ ስለ ትግራይና ስለ ጎጃም የገበሬ ዓመፆች በጻፉት የታወቀ መጽሐፍ የገበሬውን ነገር በሰፊው እናገኛለን። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለብዙ ዘመን ሳይጻፍለት የኖረው ገበሬው ነበርና። ሆኖም በአራቱም በሮች የተመለሰው ሰው አንድ ነው።

አሁን አንድ አጋጣሚ እንመልከት። በኮሪያ ጦርነት ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ6 ሺህ በላይ ነበሩ። በዚያ አገር የሞቱት ከ120 በላይ ናቸው። ለእነዚህ ኢትዮጵያውያን በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደቡብ ኮሪያን በጐበኙበት ጊዜ በምረቃው ላይ ተገኝተዋል። ይህ የሆነው በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. ነው። በዚያው ግንቦት ጎጃም ውስጥ ነገሩ እየከረረ ሄዶ ፖሊስና ገበሬ ደም ይፋሰሱ ነበር። በሩቅ ምሥራቅ ለወደቀው ኢትዮጵያዊ ወታደር ድንጋይ ሲጠረብ፣ ከዓባይ ወዲያ ማዶ ለወደቀው ኢትዮጵያዊ ፖሊስ የሚጻፍ ወረቀት እንኳ መኖሩ አልታሰበም። የኮሪያ ዘማቾች ክብር አይብዛባቸው ለማለት አይደለም፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን ለሌላው አገር ነጻነት የሞተውን ማስታወስ ቀላል ነው፤ በገዛ ወንድሙ ጥይት የሞተውን ማስታወስ ነው የሚከብደው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንዳደረገው መጠየቅ ይቻላል። በእንግሊዝ አገር በ1976 ዓ.ም. ኢቮን ፍሌቸር የተባለች ወጣት የፖሊስ ባልደረባ በለንደን በሊቢያ ኤምባሲ ፊት ለፊት ሰልፍ በምትጠብቅበት ጊዜ ከሕንፃው ውስጥ በተተኰሰ ጥይት ሞተች። ጦር ሜዳ ለሞተ ወታደር ሐውልት በየመንደሩ ባለበት አገር፣ በሥራው ላይ ለሚሞት ፖሊስ ምንም አለመኖሩን አይቶ የተቈጨው ማይክል ዊነር የተባለ የፊልም ሠሪ ነው። በእርሱ ጥረት በየወደቁበት ቦታ ላይ ትንንሽ የድንጋይ ምልክቶች ይቆሙ ጀመር፤ ለኢቮን ፍሌቸርም በ1977 ዓ.ም. በወደቀችበት አደባባይ ቆመላት። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የመላው አገሪቱ የፖሊስ መታሰቢያ በንግሥቲቱ ተመረቀ። በውስጡ ያለው ዋናው ነገር ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ ነው። ልብ ይበሉ፤ መዝገቡ ውስጥ የገባው ሰው የሞተበት ትእዛዝ መልካም ነበረ ወይስ ክፉ ተብሎ አልተመዘነም። የተጠየቀው በሥራ ላይ እያለ ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለው ብቻ ነው።

ለእኛም የሚበጀው ይኸው መለያ ይመስለኛል። ያዘዘውን መውቀስ አለ፤ የታዘዘውን መቅበር አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር ነው በጎጃም ጉዳይ ላይ የተሠራው ስሕተት። በእርግጥ አንዳንድ ፖሊስ ከትእዛዙ አልፎ የገበሬ ቤት ያቃጠለ፣ በሬ የነዳ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው በሥራው ላይ ሞተ ሊባል አይገባውም፤ ከሥራው ወጥቶ የሞተ ነው። ይህን ለመለየት ግን አስቀድሞ ማን እንደ ነበረ መታወቅ አለበት። ስም የሌለውን ሰው ማመስገንም መክሰስም አይቻልም።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን የሩቅ ታሪክ አድርጎ እንዳያየው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸናና ሞጣም ጭምር፣ ደም የፈሰሰባቸው ቦታዎች ሆነዋል። ወታደር የነበረ ሰው ፖሊስ ወይም ሚሊሻ ሆኖ፣ ፖሊስ የነበረ ሰው ደግሞ በሌላው ወገን ታጥቆ የተገናኘበት ጊዜ ነው። በዚህም ላይ ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጆቻቸው «አንድ ፖሊስ»፣ «አንድ ገበሬ» የሚል መልስ እንዳይሰሙ፣ ማን በየት ቀን በየት ቦታ እንደ ሞተ ዛሬውኑ በሥርዓት ሊጽፍ የሚችለው በወረዳው ቢሮ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሐውልት አይደለም፤ ደብተርና ቅን ልብ ነው።

የ1960ዎቹን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ የጠፋ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ደንብ ወጥቶ፣ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ጸንቶ ነበር። ይህ ሕግ ወታደሩንና ፖሊሱን ጭምር የሚመለከት፣ በሥራ ላይ ለሞተ ሰው ሚስትና ልጆች አበል የሚሰጥ ሕግ ነው። አበል እንዲከፈል ደግሞ የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ማዕረጉና የአገልግሎቱ ዘመን መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ የወደቀው ፖሊስ ስም መጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው በጡረታ ፋይሎች ውስጥ ነው። የአርበኝነት ዘመኑም አብሮ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በየጣቢያው የነበረው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ አለ፤ በአንድ ወር ፈርሞ በሚቀጥለው ወር ያልፈረመ ሰው ምን እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባል። የፍርድ ቤት መዝገብ አለ፤ ገዳዩ የተከሰሰበት እንደ ሆነ የሟቹ ስም በክሱ ላይ ይገኛል። የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ አጣሁ ብሎ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ሳይነካ ተቀምጦለታል።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚቸኩለው ግን ሰው ነው። በ1960 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያን ሊነካ የቀረበ ሽማግሌ ነው። በእነማይ፣ በእናርጅ እናውጋ፣ በሁለት እጁ እነሴ የሚገኙ አረጋውያን ማን ፖሊስ ሆኖ እንደ መጣ፣ የማን ልጅ እንደ ነበረ፣ የትኛው ደብር እንደ ተቀበረ ወይም የትኛው ዘመድ ሬሳውን በበቅሎ ጭኖ እንደ ወሰደው ያውቃሉ። እኒህ ሽማግሌዎች ሲጠየቁ የሚነግሩት በአብዛኛው ስለ ገበሬው ጀግንነት ነው፤ ጠያቂውም በዚያ ረክቶ ደብተሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሊቀርብ የሚገባው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ «አባቴ፣ በዚያ ቀን ከማዶ የወደቀውስ ሰው ማን ይባል ነበር?»